ጾም በሮቢት፣ ድግስ በሜሪላንድ

አገር ቤት፣ የሮቢት ሰው ገናን የሚቀበለው ሆዱን አስርቦ ነው። ኅዳር 15 ጾሙ ከተያዘ እስከ ታኅሣሥ 28 ሥጋም ቅቤም ከጿሚ ቤት ይርቃል፤ የማሽላ እንጀራ በሽሮ፣ ንፍሮ፣ ተልባ፣ በቃ ይኸው ነው። ጊዜው ደግሞ የሥራ ጊዜ ነው። ማሽላው የሚቆረጠው፣ አውድማው የሚለቀለቀው ያኔ ነው።

እኔ ባለሁበት ሜሪላንድ ግን እነዚያው ሳምንታት የድግስ ሳምንታት ናቸው። ታንክስጊቪንግ በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ስለሚውል አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ጾሙ ከገባ በኋላ ነው። ከዚያ የመሥሪያ ቤት ግብዣ፣ የዲሴምበር 25 ገና፣ የፈረንጆች አዲስ ዓመት፣ ብሎ ብሎ ጃንዋሪ 7 የራሳችን ገና። የጾመ ኬኩን እያየ ያልፋል፤ ያልጾመ ሁለቱንም ገና ይበላል። እኛ ስደተኞች ወፍረን የምንገኘው በበዓሉ ቀን ስለበላን አይመስለኝም፤ በዓሉ ሳይደርስ ስለጀመርን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጥናት 195 አሜሪካውያንን እየመዘነ ተከታትሎ ነበር። በዚያ የበዓል ሰሞን የጨመሩት በአማካይ 0.37 ኪሎ ብቻ ነው። ክፋቱ ያቺ ጭማሪ በቀጣዮቹ ወራት አለመውረዷ ነው። በየዓመቱ እንዲህ ትንሽ ትንሽ ሲደራረብ፣ ከዓመታት በኋላ ስኳርና ደም ግፊት ይዞ ሊመጣ ይችላል።

አገር ቤት ሆድን የሚገታው ጾሙ ብቻ አይደለም፤ ቅርጫውም አለበት። በሬው ታርዶ ቅጠል ላይ ከተዘረጋ በኋላ ሥጋው በመደብ በመደብ ይከፈላል። ከየብልቱ ለሁሉም እንዲደርስ ጉበቱ ሳይቀር ይቆራረጣል፤ ከዚያ ዕጣ ይጣላል። (አራጆቹ ቢላዋ እንደያዙ መቅመሳቸው አይቀርም፤ እሱን ማንም አይቆጥርባቸውም።) ድርሻው የታወቀ ነው፤ ለልጅም ለእንግዳም ከዚያው ነው፣ የተረፈው ቋንጣ ይሆናል። እዚህ ፍሪዘሩ እስኪጎድል ድረስ ገና አያልቅም።

ይህን ስል ግን የአገር ቤቱን ሁሉ ማሞገሴ አይደለም። ሌሊቱን በቅዳሴ ያደረ፣ ከአርባ ቀን በላይ ሥጋና ቅቤ ያልነካ ሆድ ላይ ጎህ ሳይቀድ ዶሮ ወጥ፣ ጥሬ ሥጋና ጠላ ማውረድ ጨጓራ ላለበት ቅጣት ነው። የሐሞት ጠጠር ያለበትማ ሕመሙ የሚነሣበት የሰባ ምግብ ሲበላ ስለሆነ፣ የዚያን ቀን ሊጠነቀቅ ይገባል።

ጥሬ ሥጋው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የኮሶ ትል አድጎ እንቁላል የሚጥለው በሰው አንጀት ብቻ ነው። ሜዳ ላይ ከተጣለ ዓይነ ምድር እንቁላሉ ወደ ሣሩ፣ ከሣሩ ወደ ከብቱ ይገባል፤ ከዚያም በሥጋው ተመልሶ ወደኛው ይመጣል። ስለዚህ የቅርጫው ደኅንነት የሚጀምረው ከመጸዳጃ ቤት ነው። አባቶቻችን ከደጋ የሚወርደውን የኮሶ አበባ በጥብጠው እየጠጡ ያስወጡት ነበር፤ መጠኑ ካለፈ ግን ሰው ይጎዳል። ዛሬ ሐኪም የሚያዝዘው ፕራዚኳንቴል በአንድ ጊዜ መድኃኒት ይገላግላል።

ውጭ አገር ያለን ሰዎች ደግሞ «የአሜሪካ ሥጋ በምርመራ ያለፈ ነው» ብለን ክትፎውን እንደፍራለን። ምርመራው ኮሶን ይቀንሳል እንጂ ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ በዓይን አይቶ የሚለየው የለም፤ የሚሰራጨውም ሥጋው ሲፈጭ ነው። የአገሪቱ የግብርና መሥሪያ ቤት የተፈጨ ሥጋ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ይብሰል የሚለው ለዚህ ነው። ማቀዝቀዝ ባክቴሪያውን አይገድለውም። በተለይ ለልጆች፣ ለነፍሰ ጡርና ለሽማግሌ ለብለብ እንኳ አይበቃም፤ በደንብ ይብሰል።

መጠጡም እንዲሁ። በዓል ላይ አብዝተው የጠጡ፣ የታወቀ የልብ ሕመም የሌለባቸው ሰዎች የልብ ምታቸው ተዛብቶ ሆስፒታል ሲገቡ ያዩ አሜሪካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1978 ነገሩን ጽፈውታል። ውስኪው ከጠላው ጋር ሲቀላቀል ምን እንደሚሆን መገመት ነው።

በሜሪላንድም ሆነ በሌላ የስደት አገር ለምትኖሩ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከገና በኋላ ሆዳችሁን ካመማችሁና ሐኪም ዘንድ ከሄዳችሁ «ጥሬ ሥጋ በልቻለሁ» ብላችሁ ንገሩት፤ አትፈሩ። እዚህ ያለ ሐኪም ካልነገሩት ኮሶ አለ ብሎ አይጠረጥርም።