የዓሣው ቤትና የአያቴ ወለል

ከ11ኛ ክፍል ተማሪ

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት በተዘጋ በሳምንቱ፥ አጎቴ ሥራቸው ወደ ሐዋሳ ስለ ተዛወረ፥ ብዙ ጊዜ ስመኘው የኖርሁትን አኳሪየም ከነሰባቱ ዓሦቹ ሰጡኝ። ርዝመቱ 150፥ ወርዱ 50፥ ከፍታው 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የመስተዋት ሣጥን ነው። የሚቀመጥበትንም ስፍራ ወዲያው መረጥሁ፤ ይኸውም በሴት አያቴ ክፍል፥ ከአልጋቸው ራስጌ አጠገብ ነበረ።

ቤታችን በአዲስ አበባ ካሉት አሮጌ ቤቶች አንዱ ነው። ግድግዳው ጭቃ፥ ወለሉ ከመሬት ከፍ ብሎ የተነጠፈ ጣውላ ሲሆን፥ ያነጠፉትም ነፍሳቸውን ይማርና ወንድ አያቴ ናቸው።

አባቴ «ወለሉ ይችለዋልን?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «ውኃው 400 ሊትር ነው፤ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን 400 ኪሎ ብቻ ነው» ብዬ መለስሁ። እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር፤ የቀረውን የዘለልሁት እያወቅሁ ነው። በደብተሬ ላይ ሁሉንም ጽፌው ነበረ። የሣጥኑ መስተዋት 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ስላለው በካሬ ሜትር 30 ኪሎ ይመዝናል፤ ሲደመርም ወደ 95 ኪሎ ይደርሳል። ከታች የሚነጠፈው አሸዋ 60፥ ማስቀመጫው ጠረጴዛ 45 ኪሎ ያህል ነው። ድምሩ 600 ኪሎ ወጣ፤ ስድስት ኩንታል ጤፍ ማለት ነው። መሐንዲሶች ለመኖሪያ ቤት ወለል ብዙውን ጊዜ የሚያስቡት በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ያህል ጭነት ሲሆን፥ የእኔ ሣጥን ለተቀመጠበት ስፍራ ሲካፈል 800 ሆነብኝ። «ነገር ግን ክፍሉ በሞላው 16 ካሬ ሜትር ነው» ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ከዚያም ወለሉን ለመፈተን አሰብሁ። ይህን ከምታነቡት መካከል አንዳንዶቻችሁ ራሳችሁ ከጭነቱ ስለ ነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። አሥር ሆነን ትከሻ ለትከሻ ገጥመን በዚያች ጠባብ ስፍራ ቆምን፤ እያንዳንዳችን 60 ኪሎ ብንሆን 600 መሆናችን ነው። ጣውላው ሲጥ ከማለት በቀር ምንም አልሆነም። አያቴ «ምነው፥ ሠርግ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ። እኔም ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ጎረቤታችን የሆኑት ሽማግሌ አናጢ ግን ይህን ሲሰሙ «ልጆቹስ ቆመው ሄዱ፤ ውኃውም ይሄዳልን?» አሉኝ። እንጨት ለአንድ ሰዓት የቻለውን ሸክም ለዓመታት ሲሸከመው ቀስ በቀስ እየጎበጠ እንደሚሄድ ነገሩኝ። እኔም በፊዚክስ ትምህርት ልረታቸው ሞከርሁ። ጠረጴዛው በአራት ቀጫጭን እግሮች ቢቆም በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር 6 ኪሎ ያህል ይጫናል፤ ከሥሩ ሰፊ ሳንቃ ቢደረግ ግን ከ100 ግራም ያንሳል አልኋቸው። እርሳቸውም «ሳንቃህ ጣውላውን ከመበሳት ያድነዋል፤ ጣውላውን የተሸከመው አግዳሚ እንጨት ግን ያው ስድስት ኩንታልህን ይቀበላል» አሉኝ። ለዚህ መልስ አላገኘሁም።

በማግሥቱ መጥተው በጣውላው ላይ የሚታዩትን የምስማር መስመሮች አሳዩኝ። አግዳሚዎቹ የሚገኙት ከምስማሮቹ ሥር ሲሆን በየ60 ሳንቲ ሜትሩ ተራርቀው ተጋድመዋል። ሣጥኑ እነርሱን ተከትሎ ቢቀመጥ ሸክሙ በአንዱ ወይም በሁለቱ ላይ ይወድቃል፤ አቋርጦአቸው ቢቀመጥ ግን ለሦስት ሊካፈል ይችላል። ደግሞም ከክፍሉ መካከል ይልቅ፥ አግዳሚው ጫፉን ባሳረፈበት ግድግዳ አጠገብ ይሻላል። የመረጥሁት ስፍራ ልክ እንዲህ ያለ ስለ ነበረ ደስ አለኝ።

ይሁን እንጂ «ሳናይ አናምንም» ብለው በግድግዳው በኩል አንዱን ጣውላ ፈነቀሉ። እኔ የእጅ ባትሪ ያዝሁላቸው። መሮአቸውን በመጀመሪያው አግዳሚ ላይ ቢጫኑት አልገባም፤ በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ግን እስከ እጀታው ድረስ ሰጠመ፤ ሲያወጡትም እርጥብ ዱቄት የመሰለ ነገር ተከትሎት ወጣ። ከግድግዳው ውጭ ያለው አሸንዳ ተቀዶ ስንት ክረምት ውኃውን ወደዚያ ሲያፈስ እንደ ኖረ እግዜር ይወቀው። በዚያ አግዳሚ ጫፍ ላይ የቆመው የአያቴ አልጋ ራስጌ ነበረ። አሥራችንም የቆምነው በዚያው ላይ ነው።

አባቴን ጠርቼ አሳየኋቸው፤ ደብተሬንም ሰጠኋቸው። 600 የሚለውን ድምር ጥቂት ተመለከቱት። አልተቆጡኝም፤ ደብተሩን አጥፈው መለሱልኝና «አልጋውን በዚያ በኩል ያዝ» አሉኝ።

አያቴ ሦስት ሳምንት በእኔ አልጋ ተኙ፤ እኔ መሬት ላይ። ለማስቀመጫውና ለአየር መንፊያው ያጠራቀምሁት ገንዘብ ለጥድ እንጨትና ለአሸንዳው ማሠሪያ ሄደ። ዓሦቹ በባልዲ ከረሙ፤ ከሰባቱ ሁለቱ ሞቱብኝ። ሣጥኑ ዛሬ ያለው በጓሮው ክፍል፥ በመሬቱ ላይ በተለሰነ ሲሚንቶ ወለል ላይ ነው። በውኃ ልክ ተስተካክሎ ስለ ተቀመጠም ውኃው ወደ አንድ ወገን አላዘነበለም።

አያቴ ወደ ክፍላቸው ተመልሰዋል። ማታ ማታ ከመተኛታቸው በፊት ግን በአልጋው ራስጌ ያለውን ጣውላ በምርኩዛቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጉና፥ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ።