ዋግና ስሕተት

የመጀመሪያው የጸና እትሙ በግንቦት 2007 ዓ.ም. ለወጣው የኮምፒውተር ቋንቋ፣ ፈጣሪው ግሬደን ሆር «ራስት» የሚለውን ስም ያወጣለት ከዋግ ወስዶ ነው። ስሙ እኛን የአርሲ ሰዎች ያስደነግጠናል፤ በ2006 ዓ.ም. በአርሲና በባሌ ዲገሉ የተባለውን የስንዴ ዝርያ የፈጀው የግንድ ዋግ ነበርና።

ራስት ስሕተትን በሁለት ይከፍላል። የተፈለገ ፋይል ቢታጣ ፕሮግራሙ መላ እንዲፈልግ ዕድል ይሰጠዋል፤ ከዝርዝሩ ወሰን ያለፈ ቦታ ሊነካ ሲል ግን ያስቆመዋል።

ለእኔ ለባንክ ሠራተኛው ይህ መቆም ጭካኔ አይደለም። የተሳሳተ ምዝገባ በተቃራኒ ምዝገባ ይታረማል፤ ሒሳቡ ካልታረቀ ግን ቀኑ አይዘጋም። የምፈራው ዝም ብሎ የሚያስቀጥለውን ስሕተት ነው፤ ማሳው ለምለም መስሎ ሳለ ፍሬውን የሚያቀጭጨውን።