የእንግዶች ደብተር

እናቴ ጠጅ ቤት አላት። ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር ትምህርት ቤት ውስጥ ለመጻፍ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክደርስ ድረስ ፈጅቶብኛል።

ቤታችን ከኮንዮ ኮንዮ ገበያ ብዙም በማይርቅ መንገድ ዳር ነው። ጣራው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው እስከ ወገብ ብሎኬት፣ ከዚያ በላይ ቀርከሃ ነው። ቀን ቀን ምሳ ይቀርባል፣ ቡና ይፈላል፤ ጠጁ የሚቀዳው ማታ ነው። ባንኮኒው ላይ አንድ ወፍራም ደብተር አለ። ሽፋኑ ጠጅ ፈሶበት ደርቋል፣ ጠርዙም ተበልቷል። ደብተሩን ያስቀመጠችው እናቴ ናት። ጁባ በገባች ጊዜ፣ በ2002 ዓ.ም.፣ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዶች አስተያየት የሚጽፉበት መዝገብ አይታ ነበርና የራሷን ቤት ስትከፍት «እኔስ ከማን አንሳለሁ!» ብላ ገዛች።

ችግሩ እንግዶቹ የሚጽፉት በአብዛኛው በእንግሊዝኛና በዐረብኛ መሆኑ ነው። እናቴ በጁባ ዐረብኛ ተከራክራ ታሸንፋለች፤ የምታነበው ግን አማርኛ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ እሑድ ከሰዓት፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ ደብተሩን እየተረጎምኩ የማነብላት እኔ ነኝ።

የውጭ አገር እንግዶች መጀመሪያ የሚጽፉት ስለ ብርሌው ነው። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ቀጭን ስለሆነ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ዕቃ ይመስላቸዋል። አንዷ ቢጫውን አይታ የብርቱካን ጭማቂ መስሏት በአንድ ትንፋሽ ልትጨርሰው እንደነበር ጽፋለች። አንድ እንግሊዛዊ ደግሞ ቤታችን የመንደሩን መጠጥ ቤት እንዳስታወሰው ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፏል። በእነሱ አገር ፐብ የሚባለው ስም «የሕዝብ ቤት» ከሚል ቃል ያጠረ ነው፤ የአካባቢው ሰው ሥራ ሲያበቃ ተሰብስቦ የሚያወራበት ቤት ማለት ነው። ይህን ሳነብላት እናቴ ከት ብላ ሳቀች። «የሕዝብ ከሆነ ታዲያ ለምን ሕዝቡ ጠዋት መጥቶ ብርሌውን አያጥብልኝም?» አለች።

እናቴ ደጋግሜ እንዳነብላት የምትፈልገው ግን በአማርኛ የተጻፈውን አንድ ገጽ ነው፤ ራሷ ማንበብ እየቻለች። የጻፉት ደቡብ ሱዳናዊ አባት ናቸው። ልጅ ሳሉ ከጦርነት ሸሽተው ጋምቤላ ውስጥ በኢታንግ የስደተኞች ካምፕ ኖረዋል፤ በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ካምፑ ተበተነ። በኋላ ተመልሰው ጋምቤላ ከተማ ተምረዋል። በተጠነቀቀ የእጅ ጽሑፍ፣ እንጀራ ሲሸታቸው አማርኛው እንደሚመለስላቸው፣ ያኔ እንግዳ የነበሩት እሳቸው እንደነበሩና አሁን ደግሞ እኛ በእሳቸው አገር እንግዳ እንደሆንን ጽፈዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ ለእሳቸው የምታቀርበው ወንበር የተለየ ነው።

ስለ ጠጅ የጻፉ እንግዶች በእናቴ ቤት አልተጀመሩም። በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል አገር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ስለ ማር መጠጥ ጽፏል። እንግዳ ያየውን ይጽፋል። የሚያየው ግን ማታ፣ ብርሌው ታጥቦ፣ ጠጁ ጠሎ ከቀረበ በኋላ ያለውን ነው። ከዚያ በፊት ያለውን የምናውቀው የቤቱ ሰዎች ነን።

ማሩ የሚመጣው ከኢኳቶሪያ ጫካዎች ነው፤ ጌሾው ደግሞ ከአገር ቤት በሚመጣ ሰው ሻንጣ። ብርሌ በመንገድ ስለሚሰበር ከደርዘን ስምንት ቢደርስ ተመስገን ነው። «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚባለው ተረት እኛ ቤት ተረት ሳይሆን የወጪ ሂሳብ ነው። ጋንም ጁባ ድረስ ሳይሰበር ስለማይደርስ እናቴ የምትጥለው በፕላስቲክ በርሜል ነው። አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ውሃ ትበጠብጣለች፤ ውሃው በቦቴ ነው የሚመጣው። ጌሾ ይጨመራል፣ ይሸፈናል፣ ይጠበቃል። ደጋ አገር ሳምንታት የሚጠበቀው ጠጅ በጁባ ሙቀት ቶሎ ይደርሳል፤ አንድ ቀን ካለፈው ደግሞ ይኮመጥጣል። እናቴ ከእናቷ የተማረችውን ሙያ እዚህ እንደ አዲስ መማር ነበረባት፤ የመጀመሪያዎቹን በርሜሎች ደፍታቸዋለች። ጠዋት ብርሌ የምናጥበው ደግሞ ሁለታችን ነን። አንገቱ እጅ ስለማያስገባ ጥሬ ሩዝና ለብ ያለ ውሃ ከትተን እንነቀንቀዋለን። ከዚያ እጄን በሎሚ አሽቼ ወደ ትምህርት ቤት እመጣለሁ። በሎሚ የማሸው ጠጅ ጠጅ እንዳልሸት ነበር።

ደብተሩ የማይናገረው ሌላም ነገር አለ። በሰኔ 2008 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ እንግዳ ስለ ክትፎው ጽፏል። የሚቀጥለው ጽሑፍ የመስከረም 2009 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ባዶ መስመር ብቻ ነው። በዚያች መስመር ውስጥ የሐምሌው የጁባ ተኩስ አለ። ያኔ ልጅ ነበርኩ። ጓዳ ውስጥ መሬት ላይ ተኝተን፣ ዩጋንዳዊቷ አትክልት ሻጭ ጎረቤታችንም ልጇን ይዛ አብራን ነበረች። ቦቴ ስላልመጣ ውሃ አለቀ። የጠጣነው እናቴ ለጥንስስ በጥብጣ ያስቀመጠችውን፣ ጌሾ ያልነካውን ብርዝ ነው። በሩን ስንከፍት ሌሎቹ በርሜሎች ኮምጥጠው ነበር። እናቴ ደፋቻቸው፣ በርሜሎቹን አጠበች፣ ማር ፍለጋ ወጣች።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ አፍርባት ነበር። ስምንተኛ ክፍል ሳለን መምህራችን ሰሌዳ ላይ የቤተ ሙከራ ዕቃ ሲስሉ አንድ ልጅ «ብርሌ!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ። በአማርኛ ጠጅ የምትሸጥ ሴት «ኮማሪ» ትባላለች፤ ቃሉ ሥራውን ብቻ ለመጥራት እንደማይነገር ሁላችንም እናውቃለን።

ዘጠነኛ ክፍል ልገባ ስል፣ አንድ እሑድ ደብተሩን ስገልጥ ስለ እናቴና አብረዋት ስለሚሠሩት ሁለት ሴቶች የተጻፈ ነውረኛ ነገር አገኘሁ። ግማሽ ገጽ ነው።

«ምን ይላል?» አለች።

«ጠጁ ጥሩ ነው ይላል።»

«ይህን ሁሉ የጻፈው ጥሩ ነው ለማለት ነው?»

«አዎ፣ እማ።»

ዝም አለች። በሳምንቱ የምዝገባ ቅጽ እንድትፈርም ሰጠኋት። «የወላጅ ሥራ» በሚለው ቦታ «ነጋዴ» ብዬ ሞልቼ ነበር። አነበበችው፣ ፈረመችበት፣ ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጣ እንዲህ አለችኝ፦

«ሐሰት አልጻፍሽም፤ ነጋዴ ነኝ። ግን ደብተሩንም አሳጥረሽ አነበብሽልኝ፣ ቅጹንም አሳጥረሽ ሞላሽው። ያ ሰውዬ የጻፈውን አውቀዋለሁ፤ ፊት ለፊቴም ብሎኛል፣ ከቤቴም አስወጥቼዋለሁ። እኔ የማላውቀው አንቺ የምታስቢውን ነው።»

መልስ አልነበረኝም። ደብተሩን አምጥቼ ግማሹን ገጽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየተንቀጠቀጥኩ አነበብኩላት። ገጹን ልቅደደው ስላት ከለከለችኝ። «ቤቱ ደጉንም ክፉውንም አስተናግዷል። ይቀመጥ። ቀጥዪ፣ የሚቀጥለው ምን ይላል?»

የሚቀጥለው ስለ ሽሮ ነበር።

ይህን የምጽፈው መጠጥን ለማወደስ አይደለም። የወር ደመወዙን በአንድ ሌሊት የሚጨርስ አባወራ አይቻለሁ። እናቴም አይታለች፤ «ጋሼ፣ ለዛሬ ይበቃዎታል፤ ለልጆች ዳቦ ይዘው ይግቡ» ብላ ስትመልስ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላም እኔ ወደ ቤቱ ዝር አልልም፤ ጓዳ ሆኜ በጀነሬተር ብርሃን አጠናለሁ። እዚህ ትምህርት ቤት የተማርኩትም በዚያ ቤት ገቢ ነው። የዚህ መጽሔት አንባቢ ከሆናችሁት ልጆች መካከል ወላጆቻችሁ ውሃ በቦቴ የሚያመላልሱ፣ ወጥ ቤት የሚሠሩ፣ ገበያ ላይ ጨርቅ ዘርግተው የሚሸጡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቅጹ ላይ «ነጋዴ» ወይም «የግል ሥራ» ብለን የምንጽፍ ብዙ ነን።

በዚህ ዓመት የኬሚስትሪ መምህራችን ስለ መብላላት ሲያስተምሩ እርሾ ስኳርን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚለውጥ ነግረውን ምሳሌ ጠየቁ። እጄን አወጣሁና ስለ ጠጅ ተናገርኩ፤ ጌሾ ለጠጅ መራራነት እንደሚሰጠው፣ የጁባ ሙቀትም እንደሚያፈጥነው። አንድ ልጅ ሳቀ። መምህሩ ግን «የማሩና የውሃው መጠን ስንት ለስንት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «አንድ ለሦስት» አልኩ። ሰሌዳው ላይ ጻፉት።

የመጨረሻውን የትምህርት ቤት ቅጼን የሞላሁት ባለፈው ወር ነው። «የወላጅ ሥራ» በሚለው ቦታ «ጠጅ ጣይ፣ የምግብ ቤት ባለቤት» ብዬ ጻፍኩ። እናቴ አይታ ምንም አላለችም፤ ፈረመችና ወደ በርሜሎቿ ሄደች።

ይህ ጽሑፍ በአማርኛ ስለሆነ እናቴ ራሷ ታነበዋለች። እማ፣ እዚህ ላይ አላሳጠርኩም።