ሰባተኛዋ ፊደል የት ገባች?

ልጅቷ ቀን ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች፤ ማታ ማታ ከአሮጌ ላፕቶፕ ጋር ታመሻለች። አንድ ነፃ የኦንላይን የፓይተን ኮርስ ጨርሳ ሰርተፊኬቷን ስልኳ ላይ አስቀምጣለች። ከዚያ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ልትሠራ ያሰበችው ነገር ቀላል ነበር፦ ዘንድሮ ትምህርት ለሚጀምረው ታናሽ ወንድሟ የፊደል ገበታ ስክሪን ላይ የሚጽፍ ፕሮግራም።

ኮምፒውተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። የእኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ሀ 4608፣ ሁ 4609 እየተባለ ቁጥር ተሰጥቶታል። ስለዚህ እየቆጠረ የሚደጋግም አንድ ሉፕ ገበታውን መጻፍ ይችላል። ልጅቷም ጻፈች፤ ስክሪኑ ላይ ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ወጣ።

"እቴቴ፣ ሆ የታለች?" አለ ትንሹ።

ሬንጅ ውስጥ ያስገባችው ቁጥር 6 ነበር፤ ከ0 እስከ 6 ይቆጥርልኛል ብላ። ኤአይ ጠየቀች፤ 6ቱን በ7 ቀይሮ መለሰላት። ገልብጣ ለጠፈች፤ ሆ መጣች። ለምን እንደመጣች ግን አልጠየቀችም።

በማግስቱ ወደ ሁለተኛው ረድፍ አለፈች። አንድ ረድፍ ሰባት ፊደል ነው፤ እንግዲያው በየረድፉ 7 ልጨምር አለች። ስክሪኑ ሇ ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ብሎ ጻፈ። ፊት ለፊት የማታውቃት ፊደል ተደንቅራለች፤ ሎ ደግሞ የለችም። እንደገና ኤአይ ጠየቀች። አሁን የመጣላት ኮድ እሷ የጻፈችውን ትቶ በሌላ መንገድ የሄደ፣ አንብባ የማትረዳው ነበር። ላፕቶፑን ዘጋችው። "ይኼ ነገር ለእኔ አልተፈጠረም" አለች።

እሑድ የአክስቷ ልጅ መጣ። ሥራው ፕሮግራም መጻፍ ነው። ኮዱን አይቶ ስህተቱ ወዲያው ገባው፤ እጁም ወደ ኪቦርዱ ሄደ። ከዚያ ግን ሰበሰበው።

"ይኼ 7 ከየት መጣ?" አላት።

"ኤአይ ነው ያለኝ፣ ጋሼ።"

"ወረቀት አምጪ።"

ሉፑ በዞረ ቁጥር የሚይዘውን ቁጥር አንድ በአንድ አስጻፋት። 0፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6። "አሁን ቁጠሪያቸው" አላት። ሰባት ናቸው። ሬንጅ የሚነሳው ከ0 ነው፤ የተሰጠው ቁጥር ጋ ሳይደርስ ይቆማል። 6 ሲባል 5 ላይ የቆመው ለዚህ ነው።

"ሁለተኛው ረድፍ ከስንት ይጀምራል?"

"4608 ሲደመር 7፣ 4615።"

"ለ ራሷ ስንት ናት?"

ይህን አስባው አታውቅም። ፈለገች፤ 4616። ዝም አለችና ድንገት ቀና አለች፦ "በመሃል አንድ ቦታ አለ!" አዎ፣ ዩኒኮድ ለአንድ የፊደል ቤት የሚይዘው ስምንት ቦታ ነው፤ ሇ የተቀመጠችውም እዚያ ስምንተኛዋ ላይ ነው። "ስለዚህ መዝለያው 8፣ መጻፊያው 7" አለች ልጅቷ። ራሷ ቀየረችው። ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ።

ነገሩ አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ሰውየው ኪቦርዱን ቢወስድ ኖሮ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። ልዩነቱ ግን፣ በአንድ ደቂቃው ፕሮግራሙ ይስተካከላል፤ በአርባው ደቂቃ ልጅቷ።

የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህ ስለ ኮዲንግ የማያወራ የለም። መልካም ነው። ስንት ሰው ተመዘገበ፣ ስንቱ ሰርተፊኬት ወሰደ ብሎ መቁጠርም አይከፋም። ሆኖም ሰርተፊኬትና ዝግጁ መልስ በእጁ ይዞ፣ የመጀመሪያው ስህተት ላይ "ለእኔ አልተፈጠረም" ብሎ የሚቀረውን ማን ይቆጥረዋል? ለእሱ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ቪዲዮ ላይሆን ይችላል። አጠገቡ ተቀምጦ "ማሽኑን ምን ብለህ አዘዝከው?" የሚለው፣ መልሱን እያወቀ እጁን የሚሰበስብ አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ኤአይም ቢሆን "አርምልኝ" ሲሉትና "ለምን እንደተሳሳትኩ አስረዳኝ" ሲሉት አንድ ዓይነት አስተማሪ አይደለም።

የዚያን ቀን ማታ ገበታው ሀ፣ ለ፣ ሐ እያለ በሰላም ቀ ላይ ደረሰ። በ ትመጣለች ሲባል ቈ መጣች፤ ከጎኗም ባዶ ሳጥን። ትንሹ ሳቀ።

ልጅቷ ስልኳን አላነሳችም። ለጋሼም አልደወለች፣ ኤአይም አልከፈተች። ወረቀቷን ወደ ራሷ ሳበችና 4680 ብላ ጻፈች።