የምርጫ ወሬ በቡና ሰዓት

በምርጫ ወራት በየቤቱ የሚነገረው ወሬ በጋዜጣ አይጻፍም። ጋዜጣ የሚጽፈው እጩዎቹ በአደባባይ የተናገሩትን፣ የድምፁን ቍጥርና የመንበሩን ብዛት ነው። ነገር ግን የቤተ ሰብን ሰላም የሚያጸናው ወይም የሚያፈርሰው ከአደባባዩ ንግግር ይልቅ ከምድጃ ዳር የሚነገረው ነው። ስለዚህ በአያቴ ቤት ያየሁትንና የሰማሁትን፣ ለሌላው ቤት ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ጊዜው 1997 ዓ. ም. ነው። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ እስካገኝ ድረስ ከአያቴ ጋራ በመንዝ፣ በጌራ ምድር፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ አንድ ሰዓት በሚያስኬድ መንደር ተቀምጬ ነበርሁ። አገሩን ላላየ ሰው ጥቂት ልንገር። መንዝ ደጋ ነው፤ በጣርማ በር በኩል የሚገባውን መንገደኛ አስቀድሞ የሚቀበለው ብርዱ ነው። ቤቱ የድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር፣ እንጨት ብርቅ ስለ ሆነም እሳቱ ኩበት ነው። ሌሊቱን የሚያሳልፉት ከበግ ጠጕር በተሠራ ባና ተጠቅልለው ነው። ገብስና በግ የኑሮው መሠረት ናቸው። ስለዚህ ሰዎች በምሽት ከምድጃ ዳር ተሰብስበው መጫወታቸው ለወሬ ብቻ አይደለም፤ ሙቀቱንም ለመካፈል ነው። በዚያ አገር ከዘመዱ ጋራ የተጣላ ሰው እሳትም ያጣል።

በዚያ ዓመት ትንሣኤ ሚያዝያ 23 ቀን ሲውል፣ ምርጫው ሁለት ሳምንት ቈይቶ ግንቦት 7 ቀን እሑድ ሊደረግ ተወስኖ ነበር። ስለዚህ ዐቢይ ጾሙ በምርጫ ወሬ አለፈ ለማለት ይቻላል። የታላቁ አጎቴ ራዲዮ፣ የባትሪው ድንጋይ እንዳያልቅ ሲባል ከዜናና ከፓርቲዎቹ ክርክር በቀር አይከፈትም ነበር። ክርክሩ በተከፈተ ጊዜ ሴቱም ወንዱም ቈሎ እየቈረጠመ በጸጥታ ያዳምጣል። ከመርሐ ቤቴ ጤፍ ጭኖ የሚመጣው የአክስቴ ባል እንኳ የጤፉን ዋጋ ከመናገሩ በፊት፣ በዓለም ከተማ ገበያ ሰው ስለ ምርጫው ምን እንደሚል ያወራ ነበር። ከግሼ የሚመጡት የበግ ነጋዴዎችም እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

ሁለቱ አጎቶቼ ግን ልባቸው ተለያየ። ታላቁ የንቡ ወገን ሆነ፤ በዚያ ዘመን ያስተዳድር የነበረው የኢሕአዴግ ምልክት ንብ እንደ ነበረ አንባቢ ያስታውሳል። እርሱም መንገድ ገባ፣ ትምህርት ቤት ተሠራ እያለ በጣቱ ይቈጥር ነበር። ታናሹ ደግሞ ሁለት ጣቱን እንደ ሹካ አንሥቶ የሚያሳይ የቅንጅት ወገን ሆነ፤ መሬቱ የገበሬው ይሁን፣ የማዳበሪያው ዕዳ አጐበጠን ይል ነበር።

በመጀመሪያ ነገራቸው ሁሉ ሳቅ ነበር። ታናሹ፣ «ንብ መልካም ናት፤ ግን ጋሼ፣ ማሩን ማን በላው?» ይላል። ታላቁም፣ «በሁለት ጣት እህል አይዘገንም፤ ለመዝገን አምስቱም ጣት ያስፈልጋል» ብሎ ይመልሳል። እኛም እንስቃለን። ነገር ግን ቀን በገፋ ቍጥር ሳቁ እያነሰ፣ ቃሉ እየመረረ ሄደ። ከበዓሉ በኋላ በአንድ ምሽት ታናሹ ወንድሙን «የሹም አፍ» ብሎ ሰደበው። ታላቁም ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ «እንግዲያውስ ከነገ ጀምሮ ለበሬህ ጓደኛ ፈልግለት» ብሎ ወጣ።

ይህ ቃል ቀላል አይደለም። ሁለቱ ወንድማማቾች እያንዳንዳቸው አንዳንድ በሬ ብቻ ነበራቸው፤ በቅንጃ እየጠመዱ የሁለቱንም እርሻ ያርሱ ነበር። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። የክረምቱ እርሻ ደርሷል፤ ቅንጃው ከፈረሰ የሁለቱም ልጆች ይራባሉ። አንባቢ ነገሩን ያስተውል፤ ስለ ቅንጅት ሲከራከሩ ቅንጃቸው ፈረሰ!

አያቴ ይህን በሰማች ጊዜ አልተቈጣችም፤ አላለቀሰችምም። በማግሥቱ ቡና አፍልታ ሁለቱንም አስጠራች፤ እናት ስትጠራ መቅረት ስለማይቻል ሁለቱም መጡ። እርሷም እንዲህ አለች። «ከእንግዲህ በቤቴ አቦል ሲጠጣ ስለ ምርጫ እንደ ልባችሁ ተናገሩ፤ አልከለክልም። ቶናው ሲቀርብ ግን ስለ ገብሱ፣ ስለ በጉና ስለ ልጆቻችሁ ትነጋገራላችሁ። በረካው የምርቃት ነው። በአቦል ተቈጥቶ በረካውን ሳይጠጣ ከቤቴ የሚወጣ ልጅ የለኝም።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥርዓቱ ይኸው ሆነ። በሬዎቹ ገና አልተጣመዱም፤ ነገር ግን ሰዎቹ በአንድ ምድጃ ዳር መቀመጣቸውን አልተዉም።

የምርጫው ቀን ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ አያቴን ደግፌ ወደ ምርጫው ስፍራ ወሰድኋት። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ሽማግሌው በምርኵዙ፣ እናት ልጇን አዝላ ቆማለች። አያቴ ተራዋ ሲደርስ ወረቀቷን ተቀብላ ወደ መጋረጃው ውስጥ ብቻዋን ገባች፤ ወጥታም በኮሮጆው ውስጥ ጨመረች። በመንገድ ስንመለስ በቀለም የተነከረ ጣቷን ደጋግማ እየተመለከተች ዝም ብላ ሄደች።

ማታ ቡናው ሲፈላ ታናሹ አጎቴ ትዕግሥት አጥቶ፣ «እምዬ፣ ድምፅሽን ለማን ሰጠሽ?» ብሎ ጠየቃት። ታላቁም ፊቱን ወደ እሳቱ ቢመልስም ጆሮው ወደ እርሷ እንደ ነበረ አየሁ። እርሷ ግን፣ «እግዚአብሔርና ኮሮጆው ያውቁታል» ብላ ስኒ ማቅረቧን ቀጠለች። «ከልጆችሽ ትደብቂያለሽ?» ቢላት፣ ጀበናውን አስቀምጣ የሚከተለውን ነገረችን።

«እኔ ልጅ ሳለሁ የጓሳው አባ ቀራ ሲመረጥ አባቴ ይሄድ ነበር። የአስቦና የጌራ ልጆች ሁሉ ባሉበት፣ በግልጥ፣ በአደባባይ ይመረጣል። እገሌ ይሁን፣ እገሌ አይሁን እየተባለ ሁሉ በአንድ ቃል እስኪስማማ ድረስ ይነጋገሩ ነበር። ሁሉ ከተስማማ በኋላ የተሸነፈ ስለሌለ የሚደበቅ ነገር የለም። ዛሬ ግን የሚፈርደው ቍጥር ነው። በቍጥር ሲሆን አንዱ ያሸንፋል፣ ሌላው ይሸነፋል። ለአንዳችሁ ብነግር ሌላው በእናቱ የተሸነፈ ይመስለዋል። ምስጢሩን የሰጡኝ ለዚህ ነው፤ እኔ አላባክነውም።»

አንባቢ እንዲረዳው ስለ ጓሳው ጥቂት ልጨምር። ጓሳ በመንዝ ደጋ ያለ ሰፊ የሣር ምድር ሲሆን፣ የአስቦና የጌራ ዘሮች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የቀሮ ሥርዓት በሚባል ደንብ ይጠብቁት ነበር። አፈሮ ወይም አባ ቀራ የሚባሉ ሁለት አለቆች በሕዝቡ ስምምነት እየተመረጡ፣ ሣሩ እንዲያድግ ምድሩን አንዳንድ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ድረስ ዘግተው ያቈዩት ነበር። ይህ ሥርዓት በ1967 ዓ. ም. የመሬት ዐዋጅ ሲወጣ ቀረ፤ ጓሳው ግን ዛሬም ማኅበረ ሰቡ የሚጠብቀው፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ስፍራ ነው። የወረቀትና የሣጥን ምርጫ ሳይመጣ መንዝ መምረጥን ያውቅ ነበር ማለት ነው።

አያቴ በዚህ አላቆመችም። በንጉሡ ዘመን ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫ ሲደረግ፣ ባሏ ለማን ድምፅ እንደ ሰጠ ከገበያ ቆሞ በኵራት ተናግሮ ነበር። ሌላውን እጩ ይደግፍ የነበረ አንድ ባለ ርስት ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል ሰላምታ ነፈገን አለች። ታሪኩን ለማስታወስ ያህል፣ በ1923 ዓ. ም. በወጣው ሕገ መንግሥት የዚህ ምክር ቤት አባሎች በመኳንንቱና በሹማምንቱ ይመረጡ ነበር፤ ሕዝቡ ራሱ እንዲመርጥ የተፈቀደው በ1948 ዓ. ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። በመጀመሪያውም ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት የምክር ቤት አባል ሆኑ። በዚያን ጊዜ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ቢሆንም ቂም ያለ ፓርቲም እንደሚገኝ የአያቴ ታሪክ ያስረዳል።

ከጊዜ በኋላ መጻሕፍት ሳነብ የአያቴ አሳብ በሩቅ አገርም የተፈተነ መሆኑን አየሁ። በእንግሊዝ አገር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር እስከ 1872 ድረስ፣ መራጭ በሕዝብ ፊት ቆሞ ለማን እንደሚመርጥ በቃሉ ይናገር፣ ቃሉም በመዝገብ ይጻፍ ነበር። ስለዚህ ጭሰኛው የባለ መሬቱን ፊት፣ ባለ ሱቁ የደንበኛውን ፊት እያየ ይናገር ነበር። በዚያ ዓመት በወጣው ሕግ ድምፅ በምስጢር እንዲሰጥ ሆነ። በለንደን የምትኖር ዘመዴ እንደ ነገረችኝ፣ ዛሬ በዚያ አገር በምርጫ ወራት የእጩዎቹ ረዳቶች በየደጁ እያንኳኩ ለማን ትመርጣላችሁ ብለው ይጠይቃሉ። ባለ ቤቱ ግን «ይህን አልናገርም» ብሎ በትሕትና በሩን ቢዘጋ ነውር አይሆንበትም። ዝም ማለትም የመራጭ መብት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ታሪክ ልመለስ። ሰኔ በገባ በመጀመሪያው ቀን በአዲስ አበባ ሁከት ሆኖ የሰዎች ሕይወት እንደ ጠፋ በራዲዮ ተሰማ። የታናሹ አጎቴ የበኵር ልጅ በዚያ ከተማ ይማር ነበር። እናቱ እህል አልቀምስ አለች፤ አባቱም የሚያደርገው ጠፋው። ያን ጊዜ ስልክ በየሰዉ እጅ አልነበረም። ታላቁ አጎቴ ማንም ሳይጠይቀው ባናውን ደርቦ በሌሊት ተነሣ፤ መሐል ሜዳ ወርዶ ስልክ ሲደውል ዋለ። ምንም ሳያገኝ ተመለሰ፤ በማግሥቱም ሄደ። እንዲህ እያለ ስምንት ቀን ተመላለሰ። ታናሹ ከሐዘኑ የተነሣ እርሻውን ትቶት ነበርና፣ የታላቁ ልጆች የአባታቸውን በሬ አምጥተው ከአጎታቸው በሬ ጋራ ጠምደው አረሱለት። ቅንጃው እንደ ገና የተጠመደው በዚህ ዐይነት ነው፤ ሽማግሌም አልተቀመጠበትም፣ ይቅርታም በቃል አልተነገረበትም።

በስምንተኛው ቀን ታላቁ አጎቴ ከሩቅ ነጠላውን እያውለበለበ መጣ። ልጁ ደኅና ነበር፤ ከአንድ ዘመዱ ቤት ተጠልሎ ሰንብቷል። ሁለቱ ወንድማማቾች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ አየሁ። በዚያ ምሽት በአያቴ ቤት አቦል ሲጠጣ ስለ ምርጫ የተናገረ ሰው አልነበረም። አያቴ ራሷ ፈገግ ብላ፣ «ዛሬ አቦሉ ያለ ሥራ ቀረ» አለች። በበረካው ግን ከወትሮው ረዘም ያለ ምርቃት መረቀች፤ ለአዲስ አበባም፣ ልጃቸውን ላጡ እናቶችም ለመነች።

አጎቶቼ ከዚያ በኋላ በአሳብ አንድ ሆኑ ብል ሐሰት ይሆንብኛል። በ2002፣ በ2007ና በ2013 ዓ. ም. በተደረጉት ምርጫዎች ሁሉ ተከራክረዋል። ነገር ግን የሚከራከሩት በአቦል ነው። አያቴ ዛሬ በሕይወት የለችም። በ1997 ዓ. ም. ድምፅዋን ለንቡ ወይም ለሁለቱ ጣት ትስጥ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ታላቁ አጎቴ ለእኔ ነው ብሎ ያምናል፤ ታናሹም ለእኔ ነው ብሎ ያምናል። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይኖራሉ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ስለ አገር ጉዳይ በቤት መነጋገር ነውር አይደለም፤ ይልቁንም ልጆች ማሰብን የሚማሩት ከዚያ ነው። ነገር ግን ለንግግሩ ወሰን ይበጅለት። ባል ሚስቱን፣ አባት ልጁን «ለማን ሰጠህ» ብሎ አይጠይቅ፤ የተጠየቀም ዝም ቢል አይታማ። የተመረጠው ሰው ዘመኑ ሲያልቅ ይወርዳል። ወንድም ግን ዘመን አይቈረጥለትም፤ በሬውም ብቻውን አያርስም።