ቻው ያልኩበት ድልድይ

ለዚያች ቀን የሚሆን ምርቃት ከጎንደር ጀምሬ ሳሰናዳ ነበር። ከአዘዞ አይከል፣ ከአይከል ወዲያ ቆላው እየጠበሰን ገንዳ ውኃ እስክንደርስ ልጄ ዶልፊኑ ውስጥ ትከሻዬን ተንተርሳ ታንቀላፋለች፣ እኔ ቃል እመርጣለሁ። «እግዜር በሰላም ያግባሽ፣ ክፉ አይይሽ፣ ደግሞ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን» ልል። መተማ ዮሐንስ ደርሰን፣ ሻንጣው ተፈትሾ፣ ወደ ጋላባት የሚያሻግረውን ድልድይ ስትረግጥ ከአፌ የወጣው ግን «ቻው» ነው። እሷም ዞር ብላ «ቻው አባዬ» አለችኝ። በቃ። 180 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዝኩት ለሁለት ፊደል ኖሯል።

ልጄ ትዳር ይዛ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከከተመች ሰንብታለች። በዚያ ዓመት ለጥምቀት መጥታ፣ ወር ሳይሞላት መሄጃዋ ደረሰ። የዚያን ሰሞን እናቷ ያደረገችውን ላውራችሁ። ገዳሪፍ ማለት የማሽላና የሰሊጥ አገር ናት፤ የእኛ ጎረምሶች በየዓመቱ ሰሊጥ ሊያጭዱ የሚጎርፉባት። ሐበሻው ስለበዛ እንጀራም አይጠፋም። ይህን ሁሉ እያወቀች ሴትዮዋ ድርቆሽ አደረቀች፣ ሽሮ አስፈጨች፤ በርበሬውን በሦስት ፌስታል ደራርባ፣ አፉን በፕላስተር ጠርንፋ፣ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «በርበሬ» ብላ ጻፈችበት። ሽታው እንደሆነ ከአዘዞ መናኸሪያ ጀምሮ ስሙን ሲናገር ነበር።

መተማ ላይ ፈታሹ ጽሑፉን አላመነም። ፕላስተሩን ላጥ አድርጎ አፍንጫውን አስጠጋ። ሦስቴ አነጠሰ፤ ወረፋ የያዘው ሁሉ ሦስቴ «ይማርህ» አለው። እኔም ከሁሉ አስበልጬ። ለማላውቀው ፈታሽ ምርቃቱ እንዲያ በደቦ ሲወጣልኝ፣ ለገዛ ልጄ ምላሴ ተሳሰረ።

ስመለስ ይህች «ቻው» ከየት መጥታ አፌ ላይ እንደ ሰፈረች ማሰላሰል ያዝኩ። ከጣሊያን እንደመጣች የማያውቅ የለም። ጣሊያን ግን ሲገናኝም ሲለያይም ይላታል፤ እኛ ከመለያየቱ ላይ ብቻ ቆርሰን አስቀረን። ጥንቷ ደግሞ ቬኒስ ነው። የቬኒስ ሰው ጌታውን እጅ ሲነሣ «ባሪያዎ ነኝ» ይል ነበር፤ ያቺ «ባሪያ» የምትለው ቃል በአፍ እየተላመጠች፣ እየተሸረፈች «ቻው» ሆነች። እንግዲህ ድልድይ ላይ ቆሜ ለልጄ «ባሪያሽ ነኝ» ብያት ኖሯል። በጎንደርኛ ቢሆን ዘመድ ጉባኤ ይቀመጥብኝ ነበር።

ነገሩ እንዳያስቀኝ የከለከለኝ ቦታው ነው። መተማና ጋላባት በአንድ ወቅት የባሪያ ገበያ ነበሩ። ከደቡብና ከምዕራብ የተፈነገሉት ልጆች በጎንደር በኩል አልፈው እዚህ ይሸጡና ወደ ሱዳን ይነዱ ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1862 ጋላባት ሲደርስ የሚሸጡ ልጃገረዶችን አይቶ ጽፏል። እነዚያን ልጆች እስከዚህ ድረስ የሸኘ አባት የለም። ቃሉን ያመጣው ጣሊያን ራሱም በሰኔ 1932 ዓ.ም. ከዚሁ ተነሥቶ ጋላባትን ያዘ። በጥቅምት 1933 ደግሞ ዊሊያም ስሊም የሚባለው የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ለጊዜው አስለቀቀው። በኋላ ከአገራችን ተባርሮ ሲወጣ ቃሉን ትቶልን ሄደ።

የራሳችን ቃል አጥተን አይደለም። «ስንብት» አለን። «ሰነበተ» ከሰንበት የወጣ ነው፤ ሰንበትን አሳለፈ፣ ከረመ ለማለት። «ደህና ሰንብቺ» ስል የሚመጣው ሰንበት በደኅና ይለፍልሽ እያልኩ ነው፤ ስትመለስም «እንዴት ሰነበትሽ» ብዬ ያንኑ ቃል ከተውኩበት አነሣዋለሁ። መሄዷም መምጣቷም በአንድ ቃል ይታሰራል። መሥሪያ ቤቶች ይህን የመሰለ ቃል ወስደው «የስንብት ደብዳቤ» አደረጉትና ሰው ሲሰማው ደሞዙ ትዝ ይለዋል።

በማሰናበትስ ገዳሪፎች ይብሳሉ። ከተማዋ ቀድሞ «ሱቅ አቡ ሲን» ነበር የምትባለው፣ በሹክሪያ ጎሣ አለቆች በአቡ ሲኖች ስም። ሱዳኖች ሲያወሩት፣ ገበያው ሲያበቃ ለፋፊ ይወጣና «ጉዳዩን የጨረሰ ይሂድ!» ይል ነበር፤ «ገዳሪፍ» የሚለውም ስም ከዚያ ልፈፋ የመጣ ነው ይላሉ። እውነት ይሁን ተረት እነሱው ይወቁት። እኔ ግን ልጄን ስም አወጣጡ «ሂጂ» ለሆነ ከተማ መዳሬ ገርሞኛል።

ሂጂም ሳይባሉ የሄዱ አሉ። ቤተ እስራኤሎች በ1977 ዓ.ም. ከገዳሪፍ አካባቢ፣ ከእነ ኡም ራኩባ መጠለያ፣ ወደ እስራኤል ሊሄዱ በሌሊት በአውቶቡስ እየተጫኑ ወደ ካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ ሲወሰዱ ነገሩ ምስጢር ነበርና ጎረቤት ለጎረቤት አልተሰነባበተም። ዐፄ ዮሐንስም መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ መተማ ላይ ቆስለው በማግስቱ አረፉ፤ ራሳቸው ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ፣ ለከተማዋ ስማቸው ተረፈ። ይህ አፈር ሰው በወግ የሚሸኝበት አፈር አልነበረም ማለት ነው። የእኔዋ «ቻው» ቢያንስ በቀን ብርሃን የተባለች ናት።

እሷ ከሄደች በኋላ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ተነሣ። ለእኛ ቅዳሜ ሹር ነበረች። እናቷ ለፋሲካ ዶሮ ስትገነጥል ሬዲዮው ካርቱምን ማንሣት ጀመረ፤ ሴትዮዋ ቢላዋውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ገዳሪፍ ከካርቱም ሩቅ ናት፤ የሸሸው ሕዝብ ግን ወደ እሷ ጎረፈ። ሌላው በጋላባት በኩል ወደ እኛ ተሻገረ። ያ ድልድይ ስንት ዓመት ሐበሻን ወደዚያ ሲያሻግር ኖሮ ሱዳኖች በተራቸው በእኛ በኩል ፍራሽ ተሸክመው ሲወርዱ አየ። ልጄ አልመጣችም። «ሱቁን ለማን ጥዬ?» አለች። ባሏም እዚያው፣ ዕቃውም እዚያው።

አሁን በየእሑዱ በኢሞ እንገናኛለን፣ ኔትወርኩ ከፈቀደ። ልንጨርስ ስንል ድምፄን ጠራርጌ «ደህና ሰንብቺ ልጄ» እላታለሁ። መጀመሪያ ቀን ከት ብላ ሳቀችብኝ፤ «አባዬ፣ የሬዲዮ ጋዜጠኛ መሰልክ እኮ!» አለች። እኔም አልተውኩም።

እናቷ ከዚያ ወዲህ በርበሬ ስታስፈጭ በየዓመቱ የሁለት ቤት ነው። የአንደኛው ቤት፣ ሦስት ፌስታል ደርቦ፣ አፉ በፕላስተር ታሽጎ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል።