ያልተፈለፈለው እንቁላል

በመገጭ ወንዝ ዳር በመስኖ ቲማቲም ለሚያለሙ አንድ አባት የተሳሳተ ምክር ሰጠሁ። ከዚያ የከፋው ግን ጥፋቴን በሌላ ሰው ማላከኬ ነው።

የቲማቲማቸው ሥር እየተቋጠረ ያብጥ ነበር፤ ኔማቶድ የተባለ ደቃቅ ትል ሥራ ነው። መሬቱ ሳይታረስ ወራት ከርሞ፣ በመጋቢት ፀሐይ ደርቆ ሳለ አፈር ወሰድሁ። በወንፊት ላይ ሶፍት አንጥፌ አፈሩን ዘረጋሁበት፤ ትሉ እንዲወርድ ከሥሩ ውኃ አደረግሁ። በማግስቱ ውኃውን በማይክሮስኮፕ ሳየው አንድም ትል የለም። «ጋሼ፣ መሬትዎ ነጽቷል፤ ይትከሉ» አልኋቸው።

ይህ ዘዴ የሚይዘው የሚንቀሳቀሰውን ትል ብቻ ነው። እንቁላል አይንቀሳቀስም። አንዲት እናት ትል በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ሙጫ በመሰለ ከረጢት ትጥላለች። በበጋ ሙጫው ተኮማትሮ ይደርቃል፤ እንቁላሉን ከድርቀት ይከላከላል፣ መፈልፈሉንም ያዘገያል። አፈሩ ሲርስ ትሎቹ ይወጣሉ፤ ሁሉም ግን በአንድ ጊዜ አይወጡም። በኬንያ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ2015 የተዘገበው የድንች ኔማቶድማ ከዚህም ይብሳል፤ የድንች ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር እስኪደርሰው ከ20 ዓመት በላይ መቆየት ይችላል። ይህን ሁሉ ተምሬዋለሁ። ሆኖም አፈር ውስጥ የቀረውን አሮጌ ሥር አንስቼ አላየሁም። እንቁላሉ የነበረው እዚያ ነው።

ውኃ ተለቀቀ፣ ችግኝ ተተከለ። ሳምንታት ቆይቶ ተክሉ በቀትር ይጠወልግ ጀመር፤ ሲነቀል ሥሩ ሁሉ እብጠት ነው። ሽማግሌው ምክንያቱን ሲጠይቁኝ «ችግኙ በሽታ ይዞ መጥቶ ይሆናል» አልሁ። ችግኙን የሸጠችላቸውን ወጣት መደብ ግን አንድ ቀን እንኳ ሄጄ አላየሁም። እሳቸው አመኑኝ፤ ለጎረቤትም ነገሩ። ችግኝ አፍልታ የምትተዳደረው ይህች ወጣት በእኔ ቃል ገበያ አጣች።

ዘግይቼ ለሁለቱም እውነቱን ነገርኋቸው። እሳቸው «ልጄ፣ አላውቅም ብትለኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ። እሷ ደግሞ «ደንበኞቼን ማን ይመልስልኛል?» ስትል መልስ አልነበረኝም።

አሁን ከማሳው አፈር ወስጄ በጣሳ ቲማቲም አበቅልበታለሁ፤ ሥሩን ነቅዬ ሳላይ ነጽቷል አልልም። አሮጌው ሥር ተለቅሞ እንዲቃጠል፣ መሬቱም በበጋ እየተገላበጠ እንዲታረስ እመክራለሁ። ለልጅቷ ግን ይህ ካሣ አይሆናትም። ስሟ የጠፋው በእኔ አፍ ነውና፣ የሰሙትን ገበሬዎች በየቤታቸው እየሄድሁ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን እናገራለሁ።